የቮልስ ዳሽቦርድ መብራቶች ለምን ይደበዝዛሉ?

ቮልስዋገን ቢትል፣ በእኛ አገር አጠራር ቮልስ፣ የሞተር ሙቀት መለኪያ የለውም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚገፋው ፋን በዲናሞው ዘንግ ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ ዲናሞውን ደግሞ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ቺንጋው የተበጠሰ እንደሆነ ባትሪ መሙላቱም ሞተር ማቀዝቀዙም በአንድ ቅጽበት ይቆማሉ፤ ይህንንም ለሹፌሩ የምትነግረው በፍጥነት መለኪያው ውስጥ የተቀመጠች፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀይ መብራት ናት። በጠራራ ፀሐይ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣ ሰው ያቺ መብራት ደብዝዛ ሳያያት ቢቀር፣ ሩቅ ሳይሄድ ሞተሩ ሊነክስበት፣ ማለትም ግሎ ተጣብቆ ሊቆምበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ የዳሽቦርድ መብራት መደብዘዝ ጊዜ ሲገኝ ይታያል ተብሎ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የተለመደው መፍትሔ አምፖል መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል የሆነውን የራሴን ቮልስ ስገዛ፣ የዘይት ማስጠንቀቂያው መብራት በቀን ብርሃን እጅ ጋርዶ ካልታየ በቀር የማይለይ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ አምፖል አስቀይሮለታል። ሦስቱን አሮጌ አምፖሎች በመኪናው ኪስ ውስጥ አገኘኋቸውና አንድ በአንድ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ባገናኛቸው ሦስቱም ፏ ብለው በሩ። ችግሩ ያለው አምፖሉ ጋ ሳይሆን፣ ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ አምፖሉ ጋ እስኪደርስና ተመልሶ ባትሪው ጋ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ነበር። በአሮጌ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ደግሞ የአምፖልን ጠባይ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል።

ባለክር አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ክሩ ግሎ እስኪነጣ ድረስ ሲሞቅ ነው። ቮልቴጅ በትንሹ ሲቀንስ የክሩ ሙቀት ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፣ እጅግ ፈጥኖ ያሽቆለቁላል። በግምት የቮልቴጁ 10 በመቶ ቢጠፋ ከብርሃኑ 30 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ ከ12 ቮልት ወደ 9 ቮልት የወረደ አምፖል ደግሞ ከመደበኛ ብርሃኑ የሚሰጠው ከአንድ ሦስተኛው ብዙም የማይበልጥ ነው። ቀለሙም ከነጭ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀለም መስታወቱ ውጭ ያለ አምፖል ቢጫና ደብዛዛ ሆኖ ከታየ፣ አምፖሉ ተርቧል ማለት ነው። መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሮ ከታየ ግን የክሩ ብረት በዘመን ብዛት ተንኖ መስታወቱ ላይ ስለተለጠፈ አምፖሉ በእውነት አርጅቷል፤ ያኔ ይቀየራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 2 ዋት የሆነ ባለ12 ቮልት የዳሽቦርድ አምፖል የሚወስደው ከአንድ አምፒር አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ በርቶ ሳለ ያለው ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የመግታት አቅሙ) 72 ኦህም ይደርሳል። በመንገዱ ላይ በአንድ የዛገ መገናኛ የተነሣ 20 ኦህም ቢጨመርበት፣ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 9.4 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ብርሃኑም ከግማሽ በታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ቮልሶች ባለ6 ቮልት ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ዋት ለማግኘት ግማሽ በሆነ ቮልቴጅ እጥፍ አምፒር ስለሚያስፈልግ የአምፖሉ ሬዚስታንስ 18 ኦህም ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በባለ12 ቮልቱ ላይ 20 ኦህም የሚያደርሰውን ጉዳት በባለ6 ቮልቱ ላይ 5 ኦህም ብቻ ያደርሰዋል። «የድሮዎቹ መብራታቸው ሰነፍ ነው» የሚባለው ወሬ ግማሽ እውነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አራት እጥፍ ንጽሕና ይጠይቃሉ እንጂ፣ መገናኛቸው ሁሉ ከጸዳ አጥርተው ይበራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። አምፖሉን አውጥቶ ባዶውን ሶኬት በቴስተር (በቮልቴጅ መለኪያ) የሚለካ ሰው 12.6 ቮልት ያነብና «ኤሌክትሪኩ ሙሉ ነው፣ አምፖሉ ነው የሞተው» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ቴስተር ከመስመሩ የሚወስደው ከምንም የማይቆጠር ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ በዛገው መገናኛ ላይ የሚጠፋ ቮልቴጅ አይኖርም፤ ልክ ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ የውሃው ግፊት ሙሉ ሆኖ እንደሚታየውና ሲከፈት ግን ጠብ ጠብ ብቻ እንደሚለው ማለት ነው። ስለዚህ ልኬቱ የሚሠራው አምፖሉ በቦታው ሆኖ በርቶ ሳለ ብቻ ነው።

የቮልስ ዳሽቦርድ ጀርባ የሚገኘው ከፊት ባለው የዕቃ መጫኛ በኩል ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ በፍጥነት መለኪያው ጀርባ የተጋረደውን ካርቶን ማንሣት ነው፤ አንገትን አጣሞ ከመሪው ሥር መግባት ከሚጠይቁት ከብዙዎቹ መኪኖች ይልቅ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ የቤንዚን ታንኩ ያለው እዚያው አጠገብ ሲሆን፣ ወደ ትልቁ መብራት ማብሪያ የሚመጣው ቀይ ሽቦ ደግሞ ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን ምንጊዜም ኤሌክትሪክ አለው፣ በመንገዱም ላይ ፊውዝ የለውም። ያ ሽቦ ካቻቪቴ ነክቶት ከቦዲው ጋር ቢገናኝ የሚፈጠረው ብልጭታ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እጅ ከመግባቱ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ኔጌቲቩን መፍታት፣ መልሶ የሚያያዘውም ለልኬት ብቻ መሆን አለበት።

የአምፖሉ መያዣ ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ በእጅ ሲሳብ ይወጣል። የእኔው የዘይት መብራት መያዣ በመጀመሪያ ሲወጣ የነበረውን መልክ አልረሳውም። ነሐሱ በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍኗል፤ የአምፖሉን ቂጥ የሚነካው ትንሽ ምላስ ጠቁሮ ወደ ኋላ ተኝቷል፤ አምፖሉ በመያዣው ውስጥ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት በተሳለ ክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልዬ የመያዣውን ውስጥ አሸሁት፤ የአምፖሉንም ቂጥ በእርሳስ ላጲስ ጠረግሁት፤ ምላሱን በቀጭን ካቻቪቴ ጫፍ በጥቂቱ ቀና አደረግሁት፤ በመጨረሻም እርጥበት እንዳይገባው ከላዩ እንደ ጤዛ የሳሳ ቫዝሊን ቀባሁት። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ብርሃኑ ግን በዓይን እስኪታወቅ ድረስ ጨመረ፣ ምንም እንኳ ገና ሙሉ ባይሆንም።

ቀሪው ጉድለት ማሳው ላይ ነበር። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ማለትም የመኪናውን ቦዲ ራሱን ነው። በጀርመን መኪኖች ላይ ቡናማ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ነው፣ ይህን ማወቅ ብቻ ብዙ ፍለጋ ያስቀራል። የዘይት መብራቱ ማሳ በሞተሩ በኩል ስለሆነ ኋላ ላይ እንመለስበታለን፤ የማታ መብራቶቹ (ማታ መለኪያውን የሚያበሩት) እና የረጅም መብራት ጠቋሚው ግን በፍጥነት መለኪያው ቆርቆሮ በኩል ወደ ቦዲው ይመለሳሉ፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በሚይዙት ቡሎኖችና በአንድ ቡናማ ሽቦ ነው። እዚህ ላይ በአገራችን በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር አለ፤ ቮልስ ሲታደስ በፍቅር ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ ግን የማሳው ሽቦ በሚታሰርበት ቡሎን ሥር ሳይቀር ይገባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከቀለም ቤት አምሮ የወጣ መኪና በዚያው ሳምንት ዳሽቦርዱ ደበዘዘ ቢባል የሚያስገርም አይደለም። ቡሎኑን ፈትቶ፣ ሥሩን እስከ ነጭ ብረቱ ድረስ ፍቆ፣ ባለጥርስ ሮንዴላ አድርጎ መልሶ ማሰር ነው። ይህ ካልበቃ ከመለኪያው ቆርቆሮ ወደ ንጹሕ የቦዲ ብረት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ አዲስ ቡናማ ሽቦ መዘርጋት ይቻላል፤ በእኔ አስተያየት በአሮጌ ዳሽቦርድ ላይ ከሚደረጉት ጥገናዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ውጤት የሚሰጠው ይህ ነው።

ጥፋቱ በየት በኩል እንዳለ ሳይገምቱ ለማወቅ የሚረዳው የቮልቴጅ ኪሳራ ልኬት ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ፖዚቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የአምፖሉ መመገቢያ ሽቦ ላይ ይደረጋል፤ ባትሪው ከኋላ ስለሆነ ረጅም ሽቦ መቀጠል ያስፈልጋል። የሚነበበው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልቴጅ ነው። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ ያ ወገን ደህና ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ጫፉን ወደ ባትሪው አቅጣጫ መገናኛ በመገናኛ እያቀረቡ መሄድ ነው፤ ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ፣ አሁን በለካነውና ቀደም ብለን በለካነው መካከል ጥፋቱ አለ። ከዚያ በኋላ ይኸው ልኬት በማሳው ወገን፣ ከአምፖሉ መያዣ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይደገማል። በመኪናው ላይ የታተሙት ቁጥሮች ለዚህ ፍለጋ መሪ ናቸው፦ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ 31 ማሳ፣ 58 የማታ መብራት፣ 61 የዲናሞ መብራት ነው።

በመንገድ ላይ ከሚገኙት ጥፋተኞች ዋናው የፊውዝ ሳጥኑ ነው። የአሮጌ ቮልስ ፊውዝ ሁለት ሾጣጣ ጫፍ ያለው ሆኖ በሁለት የነሐስ ምላሶች መካከል ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ነጩ 8 አምፒር፣ ቀዩ 16 አምፒር ነው። ክሩ ያልተቃጠለ ፊውዝ ጫፎቹ ዝገው ቮልቴጅ ሊበላ ይችላል። በቦታው እንዳለ በጣት ደጋግሞ ማሽከርከር ብቻ መብራቱን ከፍ ካደረገው ምርመራው በዚያው አልቋል፤ ፊውዞቹን አውጥቶ ጫፋቸውንም ምላሶቹንም ማጽዳት፣ የላሉትን ምላሶች በፒንሳ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። የማታ መብራቱ ብቻ ደብዝዞ ጠቋሚዎቹ ደህና ከሆኑ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የትልቁ መብራት ማብሪያ ነው። የማብሪያው እጀታ ሲዞር የዳሽቦርዱን ብርሃን የሚያሳንስና የሚያሳድግ የተጠቀለለ ሽቦ በውስጡ አለ፤ ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ ሽቦው ላይ ዝገት ይይዛል። እጀታውን ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማዞር ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ብዙ ባለቤቶች እጀታው እንደሚዞር ሳያውቁ ለዓመታት በጨለማ ዳሽቦርድ ይነዳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ጉዳይ አለ፤ መጥፋት ሲገባው ደብዝዞ የሚበራ መብራት። ቀይዋ የዲናሞ መብራት ሞተሩ ተነሥቶ በጥሩ ፍጥነት እየዞረ ሳለ፣ በተለይ ማታ፣ እንደ ሊጠፋ ያለ ፍም ቀላ ብላ ትታያለች። ይህች መብራት እንደ ሌሎቹ ከማሳ ጋር የተያያዘች አይደለችም፤ በአንድ ወገን ከቁልፉ የሚመጣው 15 ቁጥር፣ በሌላው ወገን ከዲናሞው የሚመጣው ሰማያዊ ሽቦ ይይዟታል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዲናሞው ዜሮ ስለሆነ ከቁልፉ ወደ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያልፍባትና ትበራለች። ዲናሞው ሲሠራ በሁለቱም ወገን 14 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ልዩነት ስለሌለ ትጠፋለች። እንግዲህ መብራቷ የምትለካው የሁለቱን ወገን ልዩነት ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወደ ሁለት ቮልት ሲጠጋ ክሩ በጨለማ መታየት ይጀምራል።

የትኛው ወገን እንደጎደለ ማወቁ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ጥገናዎችን ይለያል። በመብራቷ ላይ ሁለቱም ሽቦዎች እንደተያያዙ፣ ሞተሩ በጥሩ ፍጥነት እየዞረ፣ እያንዳንዱ ወገን ከማሳ አንጻር ይለካል። የዲናሞው ወገን 14.2፣ የቁልፉ ወገን ግን 12.4 ቢሆን ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ቮልቴጁ የጠፋው በሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ በሚቆጣጠረው ዕቃ) ውስጥ ባሉት የተበሉ ኮንታክቶች፣ በማስነሻ ቁልፉ ወይም በሽቦዎቹ መገናኛ ላይ ነው። ተገላቢጦሹ ከሆነ፣ ማለትም የዲናሞው ወገን ከቁልፉ ወገን ካነሰ፣ ዲናሞው በቂ እያመነጨ አይደለም፤ ካርቦኑ አልቆ ወይም ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። የቮልስ ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊሜትር ገደማ መርገብ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል ሮንዴላ በመቀነስ ይጠብቃል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ብቻ የምትንቦገቦግ መብራት ግን ጋዝ ሲረገጥ ወዲያው ከጠፋች የዲናሞ ጠባይ ናት፤ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር አይሞላም።

የዘይት መብራቱም የራሱ ጠባይ አለው። በአሮጌዎቹ አረንጓዴ፣ በኋለኞቹ ቀይ ሲሆን፣ ማሳውን የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር በተጠመደው የዘይት ግፊት ማብሪያ በኩል ነው። ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ሲደርስ ማብሪያው ይከፍትና መብራቱ ይጠፋል። ደብዛዛ ከሆነ ሽቦውን ከማብሪያው ነቅሎ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ የሽቦውን ጫፍ ንጹሕ የሞተር ብረት ማስነካት ነው። ያኔ ፏ ካለ ማብሪያው መቀየር አለበት፤ ደብዛዛ እንደሆነ ከቀረ ጥፋቱ በሽቦው፣ በዳሽቦርዱ ወይም በሞተሩ ማሳ ላይ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ከማርሽ ሳጥኑ ጫፍ የሚወጣ የተጠለፈ የመዳብ ማሰሪያ ነው፤ ጭቃና ውሃ የሚመታው ቦታ ስለሆነ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጣጠሳሉ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ጠዋት ጠዋት ሲያቅተው የነበረ መኪና ይህ ማሰሪያ ሲቀየርለት ሞተሪኖውም የዘይት መብራቱም አብረው ሲድኑ አይቻለሁ። ሞተር ሲግል በዝቅተኛ ዙር የሚርገበገብ የዘይት መብራት ግን የኤሌክትሪክ ጥፋት ነው ተብሎ አይተው፤ ግፊቱ በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ እውነት ነው ብሎ መቀበል ይሻላል።

አምፖል መቀየር ካስፈለገም በቂጡ ላይ የተጻፈው ዋት ይከበር። «ብርሃን እንዲጨምር» ተብሎ በ2 ዋት ቦታ 5 ዋት የሚያስገቡ አሉ፤ ትርፉ ሙቀት የቀለም ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ የፍጥነት መለኪያውን ቁጥሮችም ያጠቁራቸዋል፣ ያ ደግሞ ሶማሌ ተራ ተዞሮም በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ኤል ኢ ዲ አምፖል ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበቃው በደካማ መስመር ላይም ደህና ይበራል፤ ለማታ መብራት እመርጠዋለሁ። ፖዚቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ስለማይበራ አዙሮ መሞከር ነው፤ ከቀለም ፕላስቲክ በስተጀርባ ሲገባም የፕላስቲኩን ቀለም ቢይዝ ብርሃኑ ይደምቃል። በቀይዋ የዲናሞ መብራት ቦታ ግን ኤል ኢ ዲ አይግባ፤ በኋለኞቹ፣ ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር በተሸጋገሩት ቮልሶች ላይ፣ አልተርኔተሩ መጀመሪያ የሚነቃው በዚያች መብራት በኩል በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኤል ኢ ዲው የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ላይበቃው ይችላል።

ሁሉም ተሠርቶ ሲያበቃ ፍተሻው የሚደረገው በጋራዥ ጥላ ሥር ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በፊት መስታወት በኩል ዳሽቦርዱ ላይ ስታርፍ ነው። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ማዞር፤ የዲናሞውም የዘይቱም መብራት ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሳይጎነበሱ፣ እጅም ሳይጋርዱ፣ እኩል ደምቀው መታየት አለባቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ትልቁን መብራት አብርቶ፣ ጋዙን ጥቂት ረግጦ ሁለቱም ጨርሰው መጥፋታቸውን ማየት፤ ይህንኑ ሲመሽ አንድ ጊዜ መድገም ነው።